ሰባተኛዋ ዶሮ

ጣቢታ ሰባተኛዋን ካሴት በጎመን ጠቅልላ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለከድር ሰጠችና ልቧ ረጋ ብሎ ልብስ ልታጥብ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ የመዘምራኑ መዝሙር ሁሉ ያለው በካሴት ነው፤ አንዱ ስብስብ ሆሳዕና እሷ ዘንድ፣ ግልባጩ ደግሞ ዱራሜ የባሏ ታናሽ ወንድም ኤሊያስ ዘንድ። ሕጋቸው አጭር ነው፤ እዚህ የተጨመረ እዚያም ይጨመር። አንዱ ቤት ቢፈተሽ ሌላው ይተርፋል። ይህን ሕግ ያወጣው ባሏ ዋለ ነው፤ በወሩ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የሚገኘው በሰባተኛዋ ካሴት በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ወሬ የማይደርቅባት ዘማሪዋ እልፍነሽ ሳሙና ልትበደር ከች አለች።

«ትናንት ጥሩ ዘመርን አይደል?» አለች። «ካሴቷንስ ብትይ፣ ቴፑ ውስጥ የከተትኳት እኔው ነኝ! ጥፍር ቀለም የተቀባውን ገጽ ወደ ላይ አድርጌ።»

የጣቢታ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ። «የቱን ገጽ?»

«ቀዩን። ምነው?»

ቀዩ የዋለ ገጽ ነበር። ማንም እንዳይነካው ብላ የቀባችው ራሷ ጣቢታ ናት፤ ለእልፍነሽ ግን መች ነገረቻት! ትናንት ግማሽ ሰዓት ሙሉ የዘመሩት በባሏ ድምፅ ላይ ተቀድቷል። ቀድተውም አልሰሙትም። መዘመሩ አንድ ድፍረት ነው፣ መልሶ ማሰማት ደግሞ ሌላ ድፍረት፤ የቀበሌው ጆሮ ቅርብ ነው። ኤሊያስም ያው ነው። ሁለት ቴፕ በሽቦ ያገናኝና ድምፁን ድርግም አድርጎ አጥፍቶ፣ ከሆሳዕና የመጣውን እሱ ዘንድ ባለው አሮጌ ግልባጭ ላይ ይገለብጣል። ባዶ ካሴት እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን መሰላችሁ? ያቺ ካሴት ዱራሜ ገብታ ከተገለበጠች የዋለ ድምፅ አለቀለት፤ የሚያጠፋውም ያ ጠንቃቃ ወንድሙ ነው።

«ወይ ጉዴ!» ብላ ብድግ አለች። ክንዷ ላይ ያለውን አረፋ እንኳ ሳትጠርግ ወደ ስልክ ቤት በረረች።

«ዱራሜ ተይዟል» አለች ስልክ አገናኟ አበራሽ። «ጓዶች የስብሰባ ጥሪ እያስተላለፉ ነው።»

«እንግዲያው ዶዮገና ስጪኝ! የሀሊማን ሱቅ!»

ሀሊማ የከድር ሚስት ናት፤ አውቶቡሱም ወደ ዱራሜ ሲያልፍ ሁሌ ደጇ ላይ ይቆማል።

«አሁን ወጣ እኮ!» አለች ሀሊማ። «ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።»

«ሩጪና አስቁሚልኝ!»

«እንዴ ጣቢታ፣ አውቶቡስ በእግሬ ልድረስበት?»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ጣቢታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ መስኮቱን ታንኳኳለች። አበራሽም ተቆጥታ ሲሰለቻት መስመሩን ደጋግማ ትሞክርላት ጀመር። ጓዶቹ ወሬያቸውን የጨረሱት አውቶቡሱ ዱራሜ ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው።

«ተለቀቀ! ቶሎ በይ!»

ኤሊያስ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ስልኩን አነሳና ኤሊያስን ከመምህራን ቤት ሊጠራ ሄደ። ጣቢታና ኤሊያስ በስልክ ካሴትን ዶሮ ነው የሚሏት። ዶሮዋ ተላከች ይባላል፣ ዶሮዋ ገባች ይባላል። «አትገልብጣት» የሚባልበትን ቃል ግን ማንም አላሰበውም።

«ኤሊያስ! የላክኳት ሰባተኛዋ ዶሮ ታማለች!»

«ምን ሆነች?»

«በሽታ አለባት! ከአሮጌዋ ጋር እንዳታገናኛት፣ ትገድላታለች!»

ኤሊያስ ድምፁ ተቀየረ። «እትዬ… አሁን አገናኝቻቸው ነው የመጣሁት!»

«ለያያቸው! ሩጥ!»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ፣ ጫማው ሲሚንቶውን ሲደበድብ ሰማች። ስልክ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያታል።

«ፈንግል ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ እያዘኑ። «እሱ ከገባ አንዲት አያስቀርም።»

ጣቢታ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ እግሩን አፍጥንለት» ትላለች።

«እትዬ!» አለ ኤሊያስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ደርሼባታለሁ! ትንሽ ተነክታለች እንጂ አልሞተችም!»

ጣቢታ እልልታዋን አቀለጠችው። ሽማግሌው እንኳ አብረው አጨበጨቡ።

«ለአንዲት ዶሮ ነው ይሄ ሁሉ?» አለች አበራሽ።

«ዶሮዬን ስለማታውቂያት ነው!»

ቤቷ ሳትደርስ ሕጉን አሻሻለችው። ከእንግዲህ ሳይሰሙ በአሮጌ ላይ መገልበጥ ቀረ። ሦስተኛ ግልባጭም ዶዮገና፣ ሀሊማ ሱቅ፣ ከስኳሩ ጆንያ ሥር ይቀመጣል፤ መዝሙር ፍለጋ የሙስሊም ሱቅ የሚበረብር የለም። ሀሊማም ገና ሳትለመን እሺ አለች።

ቅዳሜ ከድር የኤሊያስን ካሴት ይዞ መጣ። እልፍነሽ በር ላይ ዘብ ቆመች፤ ጣቢታም ቴፑን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትታ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ተጫነችው። መጀመሪያ የወጣው የባለፈው ሳምንት የመዘምራኑ ድምፅ ነበር። ዋለ ከታሰረ ጀምሮ ስብሰባቸውን የሚከፍቱት እሱ በደረሰው መዝሙር ነው፤ የካሴቷም ቀይ ገጽ የሚጀምረው በዚያው መዝሙር ነበር። አንደኛውን ስንኝ ዘመሩ። ከዚያ ቴፑ ቋ አለ፣ ትንሽ ተንሿሿ፤ ዋለም ከሁለተኛው ስንኝ ተቀብሎ ቀጠለ።

እልፍነሽ ዘብነቷን ረስታ እያለቀሰች ገባች። «አንደኛውን ስንኝ ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። የኛን እንኳ እናጥፋውና የሱ ብቻውን ይሁን።»

«እንዳትነኪው!» አለች ጣቢታ፤ እየሳቀች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ዋለ ብቻውን መዘመር አይወድም።»