ድምፅ ይቅደም

ምድር ቤት ያለችው ባዶ ክፍል የሕፃናት ማቆያ ትሁን ወይስ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ? መሥሪያ ቤታችን ለሁለት የተከፈለው በዚህ ነበር። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ልጄን በየጠዋቱ አማቴ ዘንድ አድርሼ፣ ማታ ማታ «ዛሬም አልበላችም፣ ግትርነቷ ያው ያንቺ ነው» የሚል ምርቃት ተቀብዬ የምመለስ ሴት ነኝ። የማቆያውን ወሬ ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው።

ምርጫው በኮምፒውተር ነበር። እኔ ደግሞ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ ቢሮው ሁሉ «ትራፊኳ» ይለኛል። መስመራችን ቀጭን ስለሆነ ስልኩም፣ ፋይሉም፣ ቪዲዮውም በአንድ በር ይጋፋል። መስመሩን የሚያከፋፍለው ስዊች ላይ ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ ምልክት እሰጠዋለሁ፤ አንተ ቅደም፣ አንተ ተራህን ጠብቅ እላለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው።

በምርጫው ቀን ጠዋት የሠራተኛ ማኅበሩ ሰብሳቢ አንገቱን በቢሮዬ በር አስግጎ፣ «ዛሬ ከሁሉም በፊት ድምፅ ይቅደም» ብሎኝ ሄደ። በእኛ ሙያ ድምፅ ማለት የስልክ ንግግር ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ስልኩን ከፊት አሰለፍኩት፣ የቀረውን ሁሉ ከኋላ ወረወርኩት። ስልኩ ጥርት ሲል ጊዜ ሰዉ ሐሜቱን አጧጧፈው።

ረፋዱ ላይ ከሒሳብ ክፍል የመንትዮቹ እናት ደወለችልኝ። ልጆቿን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት የተቸገረች ናት።

«ድምፄ አልሄድ አለኝ» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ምን ነካሽ፣ አጠገቤ ያለሽ ነው የሚመስለው» አልኳት በኩራት።

«የምርጫውን ነው የምልሽ፣ አንቺ ሴት።»

ክው አልኩ። ሰውዬው «ምርጫው ይቅደም» ቢል ምላሱ ይቆረጥ ነበር? እሱን እየረገምኩ ሰልፉን ገለበጥኩት። አሁን ደግሞ ስልኩ መቆራረጥ ስለጀመረ፣ እንደገና ላኩ ለማለት ደረጃ ለደረጃ መሮጥ ሆነ ሥራዬ። ከመዝጊያው ሰዓት በፊት አንድም ሰው እንዳይቀር ብዬ የቴኒስ ወገኖቹን ሳይቀር ለመንኩ። ዘበኛውን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ እንዴት እንደሚመረጥ አሳየሁት፤ ዓይኔ እያየ ቴኒስ መረጠ።

ውጤቱ እኩል ለእኩል ወጣ። እኩል ከሆነ የሚወስነው ሰብሳቢው ነው፣ እሱ ደግሞ ራኬቱን ከገዛ ሰነባብቷል። ጉሮሮውን ጠራርጎ ለቴኒስ ፈረደ። ከሠራተኛው መሀል አንድ ሰው ብቻ እንዳልመረጠም ተናገረ።

የመንትዮቹ እናት ብድግ አለች። ይህን ሰው ካገኘችው በጥርሷ እንደምትዘለዝለው ለአዳራሹ ሁሉ አሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼም አንቺ አታጪውም። ማን ነው?»

ሰዉን ሁሉ ሳስቀድም እኔው ሳልመርጥ ሰዓቱ አልፎብኛል።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች።