የታጠቡት የሱኒቫ ልብሶች

ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጫካ ውስጥ ብቻዋን የት ትጠለላለች? ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። ልጄ ፓትሪሲዮ ከሚፈልጓት ሰዎች ጋር ወንዙ ዳር ነው፤ በስልክ ስጠይቀው «እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ ጋደም በዪ» ይለኛል። የባኞስ ከተማዋን እመቤታችንን ሻማ አብርቼ ስጠይቃት እሷም ዝም ነው። እዚህ አምባቶ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ግቢ ውስጥ የሰቀልኩት ሁሉ ደርቋል። እኔ ግን የማየው ከተራራው ወዲያ፣ ጫካው ላይ የተቆለለውን ጥቁር ደመና ብቻ ነው።

ልጅቷ ሱኒቫ ትባላለች። ከኖርዌይ በተማሪዎች ልውውጥ መጥታ እኛ ቤት የተቀመጠች፣ እናት አባቷ አደራ ብለው የሰጡን ልጅ ናት። ከፓትሪሲዮ ልጅ፣ ከልጅ ልጄ ከዶሜኒካ ጋር አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የዶሜኒካ እናት ስፔን አገር የሰው ሽማግሌ እየጦረች ስለምትኖር፣ ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ልጅ ስትጨመርልኝ ደስ አለኝ፤ ጭንቀቴም እጥፍ ሆነ።

ሱኒቫ ከቋንቋችን ቀድማ የያዘችው፣ ሲበርደን የምንላትን «አቻቻይ» የምትለዋን ቃል ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤላትም ጠዋት ጠዋት «አቻቻይ፣ እማማ ዞይላ!» እያለች ወደ ምድጃው ትሮጣለች።

«ከበረዶ አገር መጥተሽ እዚህ ይበርድሻል? አታፍሪም?» እላታለሁ።

«እኛ አገር ብርዱ ውጪ ነው የሚያድረው» ትለኛለች። «እናንተ አብራችሁት ነው የምትተኙት።»

ተማሪዎቹን የሚያመጣው ድርጅት በየዓመቱ ከየከተማው ያሉትን የውጭ ተማሪዎች ሰብስቦ ናፖ ወንዝ ላይ፣ ጫካው ውስጥ ይወስዳቸዋል። ከየቤቱ አንድ ልጅ አብሮ እንዲሄድም ይፈቀዳል። እኔ ገና ስሰማ አልወደድኩትም። እባቡን አነሳሁ፣ ወባውን አነሳሁ፣ ወንዙ ሳይታሰብ እንደሚሞላም ተናገርኩ።

«እማማ፣ አንቺ እኮ ዳቦ ልገዛ ስወጣም ታማትቢያለሽ» አለችኝ ዶሜኒካ።

ሱኒቫ ደግሞ ብድግ ብላ ቁመቷን አሳየችኝ። «እባቡ እኔን ሲያይ ዛፍ መስዬው ያልፋል።»

ሳቅሁ። ስቄ ሸኘኋቸው።

ቅዳሜ ማታ ፓትሪሲዮ ስልኩን ይዞ ጫማ ከሚሠራበት ክፍል ሲወጣ ፊቱ የሱ አልነበረም። ሱኒቫ ማደሪያው ጎጆ ውስጥ አልተገኘችም። ቀን ሊያዩት የሄዱት ፏፏቴ ጋ ስም ሲጠራ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። በዚያው ሰዓት መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ወታደሩም፣ የእሳት አደጋ ሰዎቹም፣ ታንኳ ያላቸው የወንዙ ዳር ነዋሪዎችም ፏፏቴውን ከበው ከላይ እስከ ታች ማሰስ ጀመሩ።

ዶሜኒካን ሰኞ አመጡልኝ። የሰጠኋትን ሾርባ እያየችው ይቀዘቅዛል። ስጠራት ትደነግጣለች፤ ሌሊት ተነስቼ ሳያት የሱኒቫን አልጋ እያየች ተቀምጣለች። ድንጋጤ ነው አልኩ። ጫካው ነፍሷን አስደንግጦባታል ብዬ፣ እናቴ ለእኔ ታደርግልኝ እንደነበረው ገና ትኩስ የተጣለ እንቁላል ይዤ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አሻሸኋት፣ ጸሎቱንም ደገምኩላት። እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ስሰብረው አስኳሉ ተበትኖ እንደ ጭጋግ ሆነ።

«አየሽ? ወጣልሽ» አልኳት።

«አልወጣልኝም፣ እማማ» አለች፤ ወደ ግድግዳውም ዞረች።

እኔም እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ። የሱኒቫን ልብስ አወጣሁና የግቢው ድንጋይ ላይ አጠብኩት። የትምህርት ቤቱን ሹራብ፣ የሌሊት ልብሷን፣ አንሶላዋን፣ የትራስ ልብሷን፣ ሸራ ጫማዋን ሳይቀር በሳሙና ፈተግሁት። ፍራሹንም ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ጭቃ ለብሳ፣ ርቧት ስትመጣ ንጹሕ ነገር ይቆያት ብዬ ነው። ልጅ ከመንገድ ሲመለስ አልጋው ተነጥፎ ካልጠበቀው፣ የሚጠብቀው ሰው የለም ማለት አይደል?

ሐሙስ ዕለት አባቷ መጣ። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ፣ ወደ ጫካው ሲያልፍ ነው። ያመጣው ድርጅቱን እዚህ የሚያስተባብረው ዶን ኦስዋልዶ ነው፤ በጉዞው ላይም ኃላፊው እሱ ነበር። አባቷ ሀልቫር ይባላል፤ በራችን ስለሚያጥረው አጎንብሶ ገባ። ዓይኖቹ የሱኒቫ ናቸው። በወጣትነቱ ከስፔን መርከበኞች ጋር ዓሣ ያጠምድ ስለነበር ቋንቋችንን ቆርጦ ቆርጦ ይናገራል።

ወንበር ሰጠሁት፣ የድንች ሾርባ በአይብ አቀረብኩ። ማንኪያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ልብስ» አለኝ። «የሱኒቫ። ያልታጠበ።»

«ለአነፍናፊ ውሾቹ ነው፣ ዶኛ ዞይላ» አለ ዶን ኦስዋልዶ። «ዛሬ ከሰዓት ይደርሳሉ። ሽታዋን ካላገኙ ምንም አይሠሩም። አንድ ካልሲ ብትሆን ይበቃል።»

ወደ መኝታ ቤቱ መራኋቸው። ዶሜኒካ አልጋዋ ጥግ ላይ ተኮራምታ ነበር፤ አባትየውን ስታይ ጉልበቷን አቀፈች። ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። ሁሉም ታጥፎ፣ ተተኩሶ ተደርድሯል። የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱን ገለበጥኩ፤ ባዶ ነው። ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ። የጸጉር ማበጠሪያዋን ይዛው ሄዳለች።

አባትየው ሹራቡን አንስቶ ፊቱ ላይ አደረገው። ቀጥሎ አንሶላውን፣ ቀጥሎ የትራሱን ልብስ። ሁሉንም አንድ በአንድ አሸተተ።

«ሳሙና» አለ።

«ንጹሕ ይቆያት ብዬ…» አልኩ።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። የሱኒቫ አልጋ ላይ ተቀመጠና ትልቁን እጁን እጄ ላይ ጫነው። «እናት ነሽ። እናት ታጥባለች። ግድ የለም።»

«አይዞህ» አለው ዶን ኦስዋልዶ፤ እሱም እንቅልፍ ካየ የቆየ ሰው ነው። «ያለ ሽታም ቢሆን ቦታውን እናውቃለን። ፏፏቴው ጋ እኔ ራሴ ነኝ ስሟን የጠራሁት። አቤት ብላለች። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ርቃ ልትሄድ አትችልም።»

አባትየው ቀና አለ። «ድምጿ» አለ፤ ቃሉን ፈለገው። «ድምጿ… እንዴት ነበር? ደስ ብሏት?»

ዶን ኦስዋልዶ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግ ሰው ነው። «አዎ፣ ደስ ብሏት ነበር። ጮክ ብላ ነው የመለሰችው። የሳቀችም ይመስለኛል።»

አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ያገኘው እርጥባን ይህች ብቻ ነበረች።

«እኔ ነበርኩ» አለች ዶሜኒካ።

ማንም አልዞረም፤ ድምጿ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር።

«ዶን ኦስዋልዶ፣ አቤት ያልኩት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት እንደምናደርገው።»

እኔም ዶን ኦስዋልዶም ወዲያው ገባን። እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጓደኛህ ካረፈደ፣ አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ ስም ሲጠራ፣ አንተ ድምፅህን ለውጠህ አቤት ትልለታለህ። ነገ እሱ ላንተ ይላል። ያላለ ልጅ ጓደኛ አይባልም። ያልገባው አባትየው ብቻ ነበር፤ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያያል።

«ምን አለች?»

«ሌላ ልጅ ነው የመለሰው» አለው ዶን ኦስዋልዶ። ወዲያው ወደ ዶሜኒካ ዞረና በንዴት ጀመረ፣ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «እንዴት? አንቺ ልጅ፣ እንዴት? አጠገቤ አልነበርሽም እንዴ?»

«ዝናብ ነበር። ሁላችንም ያንን ቢጫ የዝናብ ላስቲክ ለብሰን። እርስዎ ወረቀቱ እንዳይርስ አጎንብሰው ነው የጠሩት።»

«ታዲያ እሷ የት ነበረች?»

ዶሜኒካ አባትየውን እያየች ተናገረች፤ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያወጣች፣ እንዲገባው። ሱኒቫ ፏፏቴው ጋ አልደረሰችም። ጠዋት መጀመሪያ የቆሙት በቀቀኖች አፈር የሚልሱበት ገደል ጋ ነው፤ ከፏፏቴው ብዙ ርቆ፣ ከወንዙ ላይኛው በኩል። ሱኒቫ ወፎቹን ከቅርብ ልታይ በጫካው መንገድ ወደ ላይ ወጣች። «በሁለተኛው ታንኳ እመጣለሁ፣ ሸፍኚኝ» አለቻት። የመጀመሪያው ታንኳ ሊነሳ ስም ሲጠራ ዶሜኒካ አቤት አለችላት። ፏፏቴው ጋ ሁለተኛው ታንኳ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ ኮፍያቸውን ደፍተው ወረዱ፤ አላየቻትም፤ ግን ከመሐላቸው ናት ብላ እንደገና አቤት አለች።

«ማታስ? ማታ አልጋዋ ባዶ ሲሆን?» አለ ዶን ኦስዋልዶ።

«አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረባት። ሳታስፈቅድ ባኞስ የሄደች ጊዜ የሰጧት። ሁለተኛ ካገኛት ወደ አገሯ ትመልሷታላችሁ። መጀመሪያ እሱን ፈራሁ። የሚያልፍ ታንኳ ያያታል፣ ያመጣታል አልኩ። ከዚያ ወታደሮቹ መጡ። ሁሉም ሰው ፏፏቴው ጋ ነበረች ይል ጀመር፤ እኔንም ሲጠይቁኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ…» እንባዋ አልመጣም፤ ቢመጣ ይሻል ነበር። «ከዚያ በነጋ ቁጥር ለመናገር ይበልጥ የማልችል ሆንኩ።»

አጠገቧ ሄጄ ጭንቅላቷን ወደ ሆዴ ሳብኩት። ምን ላድርግ? የኔ ናት። «ልጅ ናት» አልኩት አባትየውን። «ጓደኛዋን የጠቀመች መስሏት ነው። እኔን ውቀሰኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኋት።»

እሱ ያየው ዶን ኦስዋልዶን ነው፤ ዶን ኦስዋልዶ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ገደሉ ጋ ማንም አልሄደም» አለ፤ የሚናገረው ለራሱ ይመስላል። «አንድ ሰው እንኳ። ማክሰኞ ደግሞ ወንዙ ሞላ። እዚያ የነበረውን አሸዋ ሁሉ፣ ታንኳ የምናስርበትን ዛፍ ሳይቀር ጠርጎ ወስዶታል።»

አባትየው ማብራሪያ አልጠየቀም። ገብቶታል። የሱኒቫን ሹራብ ጉልበቱ ላይ እንደገና ማጠፍ ጀመረ። እጅጌውን በእጅጌው ላይ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ። ካጠፈው በኋላ ፈታው፣ ደግሞም አጠፈው። እኔ ይህን ከማይ ቢመታኝ እመርጥ ነበር።

ስልክ ተደወለ፤ ፓትሪሲዮ ነው። ዶን ኦስዋልዶ ከእጄ ወሰደውና የገደሉን ስም ነገረው። ከወዲያ በኩል ልጄ እዚህ ድረስ የሚሰማ ነገር ጮኸ። ስድብ ይሁን ጸሎት አለየሁትም።

«አሁኑኑ ታንኳ ይነሳል» አለ ዶን ኦስዋልዶ ስልኩን ዘግቶ። «እኛም እንሂድ። ግን ከገደሉ ወደ ላይ የሚወጡ ብዙ የእግር መንገዶች አሉ፤ የትኛውን እንደያዘች…» አቋረጠው። ዶሜኒካን ላለማየት ግድግዳውን አየ።

አባትየው ተነሳ፣ በሩን አጎንብሶ አለፈ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ዶን ኦስዋልዶም ተከተለው።

ዶሜኒካ ከእቅፌ ወጣች። ከአልጋው ሥር፣ ጭቃው የደረቀበትን የጎማ ቦቲዋን ሳበች። ያን አላጠብኩትም ነበር፤ የሷ ስለሆነ፣ እሷ እቤት ስላለች።

«አትሄጂም» አልኩ። «እሰይ፣ ነገርሽ፤ አበቃ። አባትሽ እዚያ አለ፤ ለሱ በስልክ አስረጂው። ወንዙ ሞልቷል ሲሉ አልሰማሽም? የሰው ልጅ ጠፋ፤ አንቺን ደግሞ ልስጠው? ዶሜ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

አንዱን እግሯን አስገባች። ቦቲው ጠበባት፤ ተረከዟን ወለሉ ላይ እየመታች ሌላውንም አስገባች። በሩ ላይ ቆምኩ። አሮጊት ነኝ፤ በክርኗ ብትገፋኝ እወድቅ ነበር። አልገፋችኝም። ሁለት ትከሻዬን ይዛ፣ ዕቃ ከመንገድ ላይ እንደሚያነሱት አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ጎን አዞረችኝ። እጇ በረዶ ነበር።

«ቢያንስ አፍሽን ከፍተሽ አንድ ነገር በዪኝ» አልኳት።

አለፈችኝ፤ ሳሎኑን፣ ያልተነካውን ሾርባ አልፋ በግቢው በኩል ወጣች። የመኪናው በር ዳግመኛ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ።