የቀረበ ይፈጥናል

«አንቺ ሴትዮ፣ አዞርሽኝ። አንዴ ቁጭ በይ» አለች ወርቂቱ፣ ፍራሹ ላይ እንደተደገፈች።

ጎረቤቷ ከውሰር ግን መቼ ሰምታ። የንፍሮ ሳህን ይዛ ትወጣለች፣ ውሃ ይዛ ትገባለች፤ ለቅሶ ደራሹን ታስቀምጣለች፣ የተቀመጠውን ታስነሳለች። ከሸቤ የመጡት ዘመዶች ደግሞ ከድንኳኑ ጫፍ ሆነው እያዘገሙ ይነሳሉ፣ እያዘገሙ ይቀመጣሉ።

የቀረበው ይፈጥናል፣ የራቀው ይዘገያል። ይህን ለወርቂቱ የነገራት ሟቹ ባሏ ሣህሉ ነበር።

ሣህሉ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ አባትንም ልጅንም ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነበር። አንድ ቀን ግቢው ላይ ካሰጣችው ቡና መሃል ብርቱካን አስቀመጠና የቡናውን ፍሬ በጣቱ እየገፋ ዙሪያዋን አስከበባት። ብርቱካኗ ሳተርን የምትባል ፕላኔት ናት አላት፤ ቡናው ቀለበቷ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ የሚመስለው ቀለበት ለካ ስብርባሪ በረዶና ድንጋይ ኖሯል፤ እያንዳንዱም ለራሱ የሚዞር። ጠርዙ እንዳይበተን ደግሞ ትንንሽ ጨረቃዎች እንደ እረኛ ይጠብቁታል።

«ምን ይዟቸው ነው የማይወድቁት?» አለችው።

«መሃል ያለችው ትስባቸዋለች፤ እነሱ ወደ ጎን ይሮጣሉ። ሩጫው ቢቆም ይወድቃሉ። መሳቡ ቢቀር ተበትነው ይጠፋሉ።»

«በል ቡናዬን መልስ፣ ብርቱካንህንም ብላ።»

ልጦ ግማሹን ሰጣት።

ያ ነገር አሁን ትዝ አላት። መሃል የነበረው ተነስቷል። ሰው ሁሉ ለእሱ ብሎ ነበር የሚመጣው፤ የእሷ ምላስማ እንኳን ሰው ውሻ አያስጠጋ። ልጇ መቅደላዊትም በሹክሹክታ ይህንኑ ነገረቻት፦ ድንኳኑ ሲነሳ ቤቱ ጭር ይላል፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ይዛት ትሄዳለች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ። ወርቂቱ እምቢ ልትል አፏን ከፈተችና «እሺ» አለች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ከሰልስቱ በኋላ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቀሉት። በማግስቱ መቅደላዊት ሻንጣውን በረንዳው ላይ አወጣች፤ ባለባጃጁ ደሬሳም መናኸሪያ ሊያደርሳቸው ደጅ ቆመ።

ይሄኔ ከውሰር ቂጣና ብርቱካን በሳህን ይዛ ገባች። ሻንጣውን አየች።

«ወዴት ነው?»

«አዲስ አበባ» አለች ወርቂቱ፣ አቀርቅራ። «እዚህ ማን ይመጣልኛል? ሣህሉ የለ።»

ከውሰር ሳህኑን ሻንጣው ላይ ቁጭ አደረገችው።

«አስተግፊሩላህ። ጋሽ ሣህሉ የበረዶውን ወሬ ሲጀምር በጓሮ አልነበር የምሸሸው? ይህን ሁሉ ዓመት የምመጣው አንቺ ጋ ነው። ጠዋት ካልሰደብሽኝ ቀኑ አይጀምርልኝም።»

ደሬሳ ከደጅ ሆኖ እሱም እንደዚያው ነው አለ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ገባና በርጩማ ፈለገ።

ወርቂቱ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። ከዚያ ቂጣውን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«አሯል።»

ከውሰር ሳቀች። መቅደላዊት እናቷን አየቻት፣ ሰዎቹን አየች፤ ሳህኑን አንስታ ለእናቷ አቀበለችና ሻንጣውን እየጎተተች ወደ ቤት መለሰችው።

ወርቂቱ ብርቱካኑን ላጠች። ግማሹን እንደለመደችው ወደ ጎኗ፣ ሣህሉ ይቀመጥበት ወደነበረው ወንበር ዘረጋች። እጇ እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ አዙራ ለከውሰር ሰጠቻት።