ተንፍሱ የተባልን ቀን

ጭንቀት እንዳለብን የነገሩን አለቃችን አቶ ደምሴ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር ቢሮ ገብተው፣ ሦስታችንንም ተራ በተራ አይተው፣ «ፊታችሁ ላይ ስትረስ ይነበባል» አሉ። እውነት ነው፤ ይነበባል። የጻፉት ግን እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር በጣለው ዝናብ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የተማሪ ፋይል በሰበሰ። አቶ ደምሴ የበሰበሰውን በጆንያ አስጠቅጥቀው አስጣሉና «እንዳትተነፍሱ» አሉን። አልተነፈስንም። አብዛኛው ከተመረቁ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎች ፋይል ስለነበር የሚጠይቅ አልመጣም። አንዱ ግን የዘይነብ ነበር። ዘይነብ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ የፊታችን ቅዳሜ ትመረቃለች፤ ፋይሏ ካለ ማለት ነው። በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ ትመጣለች፣ እኔም «ሲስተሙ አላወጣውም፣ ነገ ተመለሺ» እላታለሁ። ማርቆስ እባላለሁ። በዚህ ኮሌጅ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ነገ» ስል ኖሬያለሁ።

መፍትሔው እኮ ከባድ አይደለም። ፋይል ሲጠፋ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ሁለት ሠራተኞች «አዎ፣ እኛ ጋ ነው የጠፋው» ብለው ይፈርማሉ፤ ውጤቷ ከትምህርት ክፍሉ ተለቅሞ በአንድ ቀን አዲስ ፋይል ይከፈታል። ችግሩ ፊርማው የጣሪያውን ነገር ያነሳል፣ የጣሪያው ነገር ደግሞ አቶ ደምሴን ከወንበራቸው ያነሳል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ትተው ዮጋ አመጡልን።

አሰልጣኙ ኢዮስያስ ይባላል፤ እሱ ግን «ኮች» በሉኝ ባይ ነው። አምና አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የክብደት መቀነሻ ሻይ ሲሸጥ አውቀዋለሁ። ዘንድሮ በኢንተርኔት የተላከለት ሰርተፍኬት ይዞ በሰው ልጅ ውስጣዊ ሰላም ላይ ተሰማርቷል። ሐሙስ ከሰዓት፣ ዘይነብና ሌሎች ሃያ ተማሪዎች መስኮቱ ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ «ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፈንባቸው ወደ ስብሰባ አዳራሹ ሄድን። የፋይናንስና የንብረት ክፍል ሰዎችም መጥተዋል።

የመዝገብ ቤቷ ታቢታ በሩ ላይ ቆመች። «ይሄ ነገር ባዕድ አምልኮ አይደለም?» ብላ ጠየቀች።

ኮቹ ደነገጠ። ከተሰብሳቢው አብዛኛው የወንጌል አማኝ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋለው። «ኧረ በጭራሽ እህቴ! ስፖርት በይው» አለና «ኦም» የሚለውን የዮጋ ዜማ እዚያው ሰርዞ በ«ሰላም» ተካልን። መጨረሻዋን እየጎተትን «ሰላምምም» እንድንል ታዘዝን። ጎተትን። ውጭ መንገድ ላይ የሚያልፍ የባጃጅ ጡሩንባ ከእኛ የተሻለ ዜማ ነበረው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሩሀማ ናት፣ ሦስተኛዋ የቢሮ ባልደረባችን። ለዚህ ቀን ብላ አዲስ ጥብቅ ሱሪ ገዝታ፣ ዓይኗን ከመጨፈኗ በፊት አራት ሰልፊ ተነሥታለች። ከኮቹ ቀጥሎ በዚያ አዳራሽ የናቅኩት እሷን ነበር።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ ኮቹ፣ ድምፁን እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ አለስልሶ። «የሚመጣውን ሐሳብ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ አትፍረዱ። አሁን፣ ውስጣችሁ አምቃችሁ የያዛችሁትን ሁሉ ተንፍሱ!»

አዳራሹ እፎይ አለ። ታቢታ ግን ተናገረች።

«የዘይነብ ፋይል በስብሶ ተጥሏል። የጣልነው እኛ ነን። ጆንያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ግን እስከ ዛሬ እናመላልሳታለን።»

የአፍ መፍቻዋ ሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛው አምታቷት ነው ብዬ በልቤ ሳቅኩባት። ኮቹም እንደኔ ሳያስብ አልቀረም። «እህቴ፣ በአፍንጫ ነው እኮ፣ በአፍንጫ» አላት።

«ገብቶኛል» አለች ታቢታ። «እንዳትተነፍሱ ሲባልም ገብቶኝ ነበር።»

አቶ ደምሴ ፊት ለፊት እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበርና ቶሎ መነሣት ስላቃታቸው እዚያው ሆነው ጮኹ። «ውሸት ነው! ማርቆስ፣ መስኮቱ ላይ የምትሠራው አንተ ነህ። እስቲ ተናገር፣ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። ታቢታ አንድ ፊርማ ብቻ እንደጎደላትም አውቃለሁ። ዓይኔን ግን አልከፈትኩም። ጨፍኑ ተብለን የለ? ተመልከቱ፣ አትፍረዱ ተብለን የለ? ከሰዓቱን ሙሉ ስሳለቅበት የዋልኩትን ትምህርት በዚያች ደቂቃ ከሁሉም አስበልጬ ሠራሁበት። በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ በአፍንጫዬ አስወጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሩሀማ።

«አቶ ደምሴ፣ ሲጣል እኔም እዚያው ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው ይጻፍ፤ እፈርማለሁ።» ከምንጣፉ ስትነሣ፣ ጫማዋን ስትፈልግ፣ ከታቢታ ጋር ስትወጣ ሰማሁ። ዓይኔን የከፈትኩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ተዛወሩ፤ ታቢታ ንብረት ክፍል፣ ሩሀማ ቤተ መጻሕፍት። የፈረሙት ወረቀት ግን ዲኑ ጋ ደርሶ ስለነበር የዘይነብ ስም ከተመራቂዎቹ ዝርዝር ገባ። ለእኔ ምንም ደብዳቤ አልመጣም። መስኮቴ ላይ ቀረሁ።

አርብ አሥር ሰዓት ላይ ዘይነብ የምረቃ ጋውኗን በክንዷ ይዛ፣ እናቷን አስከትላ መጣች። «እማ፣ ጋሽ ማርቆስ ማለት እሳቸው ናቸው፤ ፋይሌን ያስተካከሉልኝ» አለቻቸው። ስለ ሁለቱ ሴቶች የነገራት ሰው አልነበረም። ከዚህ ቢሮ የምታውቀው የእኔን ፊት ብቻ ነው።

እናትየው በመስኮቱ ቀዳዳ እጃቸውን አሾልከው እጄን ያዙ። «አላህ ይክፈልህ ልጄ፤ ዕድሜህን ያርዝመው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ሁለት ስም መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ምንም አይደል እናቴ፤ ሥራችን ነው» አልኳቸው።