ፊደሉ በርዶታል

ጠመኔው ገና ሰሌዳውን ከመንካቱ እጇ ከዳት። መምህርቷ የቀኝ አንጓዋን በግራ እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘችና፣ ጀርባዋን ለአንደኛ ክፍል ልጆች እንደሰጠች፣ "ቤታችን በር አለው" የሚለውን እንደ ምንም ጻፈች። ምን አላት ሦስት ቃል! እሷ ግን ዳገት የወጣች ያህል ላብ በላብ ሆነች። ዛሬ ማምለጫ አልነበራትም። ዳይሬክተሯ ክፍሉን ልታይ ትመጣለች ተብሏል፤ የዕለቱ ዕቅድም ከሰሌዳ እያዩ መገልበጥ ነው።

እስከ ዛሬማ እንዴት አድርጋ አምልጣ! መንቀጥቀጡ ከጀመራት ወዲህ ጠመኔን እንደ እሳት ስትሸሸው ከርማለች። አንድ ቀን ልጆቹን ፊደል በጣታቸው አየር ላይ ታስጽፋቸዋለች፤ ሌላ ቀን በትሪ አሸዋ ታቀርብላቸዋለች፤ ሲላት ደግሞ ጣታቸውን ውኃ አስነክራ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ታስጽፋቸዋለች። ከጭቃም ፊደል አሠርታቸዋለች። ልጆቹ በደስታ ጨርቃቸውን ሊጥሉ ምንም አልቀራቸውም። ዳይሬክተሯም በየስብሰባው፣ "አንቺ እኮ ስጦታ አለሽ! ለሌሎቹም አሳዪልን እንጂ" እያለች ታነሳታለች። ስጦታው ሁሉ ፍርሃት መሆኑን ማን ይንገራት!

የምትፈራውን ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ፤ በኋላማ ማንኪያ ወደ አፋቸው ማድረስም ተሳናቸው። እስከ መጨረሻው ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። ታናሽ እህቷ በስልክ፣ "እህቴ፣ በፈጠረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ" ስትላት፣ "ድካም ነው፣ ያልፋል" ትላታለች። ሐኪሙ የአባቷን በሽታ ስም የጠራ ቀን ነገሩ እውነት ይሆናል፤ ሥራዋም ያበቃል። ካልሄደች ግን ማንም ምንም አላላትም።

"በሉ፣ እያያችሁ ገልብጡ። ልክ እኔ እንደጻፍኩት" አለችና እጇን የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ምላሱን አውጥቶ፣ አንዱ አፍንጫው ደብተሩን እስኪነካ ተደፍቶ፣ ሁሉም ሥራውን ያዘ። እሷም ተንፈስ ብላ በዴስኮቹ መሃል መዘዋወር ጀመረች። የመጀመሪያው ልጅ ደብተር ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ክው አለች። የ"በ" ሁለቱ እግሮች ከላይ እስከ ታች የመጋዝ ጥርስ መስለዋል። ከጎኑ ያለችውም ልጅ እንዲሁ። ወደ ኋላ ረድፍ ሄደች፤ ያው ነው። ትናንት ቀጥ አድርገው ሲጽፉ የነበሩ ልጆች ዛሬ አንድም ሳይቀር የሚንቀጠቀጥ ፊደል ጽፈዋል።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ያሾፉባት መሰላት።

"ምንድን ነው ይሄ? ቀጥ ያለ መስመር ጠፋችሁ?" ብላ ጮኸች። መጮህ ልማዷ ስላልሆነ ልጆቹ ባሉበት ደረቁ።

ከፊት የምትቀመጠው፣ በማነሷ ክፍሉ "ሚጢጢ" የሚላት ልጅ፣ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ።

"ቲቸር፣ እርስዎ እንደዚያ ነው የጻፉት።"

"እኔ?"

"አዎ። እኔ እኮ ሦስቴ አጥፍቻለሁ። ቀጥ እያለብኝ አስቸገረኝ።"

"ቲቸር፣ ፊደሉ በርዶት ነው?" ሲል ከኋላ አንዱ ጠየቀ። ቀልዱን አልነበረም።

ዞር ብላ ሰሌዳውን አየችው። እግዚኦ! ከጠመኔው ጋር ስትታገል ያልታያት ነገር ከሩቅ ወለል ብሎ ታያት። ቁርጥ የአባቷን የመጨረሻ ፊርማ።  እነዚህ ደብተሮች ዛሬ ማታ በየቤቱ ይገለጣሉ። ወላጅ ይጠይቃል፤ ልጅ ደግሞ ያየውን ይናገራል።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሯ ገባች። አንድ ሁለቱን ደብተር አየት አየት አድርጋ ሳቀች።

"ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ዘዴ ነው?"

"በርዶት ነው!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

"አንቺ ሴት መቼም ተንኮልሽ አያልቅም! አዲስ ጨዋታ ነዋ!"

መምህርቷ አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አዎ ብትል ነገሩ በሳቅ ያልቃል፤ ነገ ሌላ ዘዴ ትፈልጋለች፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ሚጢጢ ግን ጥፋቱ የሷ መስሏት፣ ያን ሁሉ የደከመችበትን ልትፍቅ ላጲሷን አንስታ ነበር።

"ተዪው፣ እንዳትፍቂው" አለቻት። "አንቺ አላጠፋሽም። እኔ ነኝ።"

እጇን ከኪሷ አወጣችና ዳይሬክተሯ ፊት ዘረጋችው። እጇ ማንንም ሳያፍር ተንቀጠቀጠ።

"ዘዴ አይደለም፣ እትዬ። ይኸው ነው። ፈርቼ ነው የደበቅሁት። አሁንም ፈርቻለሁ።"

የዳይሬክተሯ ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ። "ውይ፣ እህቴ! ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል። ክፍሉን ይያዙልኝ፤ ሐኪም ቤት ልሂድ።"

"ሂጂ፣ ሂጂ። የሥራውን ነገር ኋላ እንነጋገራለን።"

ይቺ "ኋላ እንነጋገራለን" ምን ማለት እንደሆነች ገብቷታል። ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ቆመች። ሐኪሙ ፊት እጇ ጨዋ ሆኖ ቢቀመጥስ? እሷም "ድካም ነው" ብላ ብትመለስስ? ራሷን ታውቃለች፤ ታደርገዋለች። ተመልሳ የሚጢጢ ዴስክ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"ይቺን ገጽ ትሰጪኛለሽ? ለሐኪሙ ላሳየው ነው።"

ልጅቷ ደብተሯን እቅፍ አድርጋ ጥቂት አሰበች። "ልክ ነው ግን?"

"ልክ ነው። ቁርጥ የኔን ነው።"

ሚጢጢ ገጿን በጥንቃቄ ቀድዳ ሰጠቻት። መምህርቷም ወረቀቱን በዚያው በሚንቀጠቀጠው እጇ ይዛ፣ ከየክፍሉ መስኮት እየታየች፣ ግቢውን አቋርጣ ወጣች።