የጣሪያው ትንፋሽ

ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ።

ሂርጳ ዓይኑን ሳይገልጥ አዳመጠ። ዝናብ እንዳልሆነ ያውቃል፤ በኅዳር ጎጆ ከተማ ላይ የሚያድረው ውርጭ ነው። ውሃው የሚንጠባጠበው ከቆርቆሮው ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ ነው። ቀና ሲል ቡናማው እድፍ ከትናንቱ ሰፍቷል።

«ተሬፋን አስጠርቼዋለሁ» አለች ሚስቱ ቢሊሴ። «በጠዋቱ መኪና ከጊንጪ ይመጣል።»

ስሙን ስትጠራ ድምጿ ቀለለ፤ ወይም ለሂርጳ እንደዚያ መሰለው።

ተሬፋ አናጢ ነው፤ ከቢሊሴ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። ክረምቱ ሲወጣ መጥቶ ከኮርኒሱ በላይ በጆንያ የታጨቀ የገብስ ገለባ ደረደረ። ቤቱ ሞቀ። በክፈፉ ሥር ግን ግራና ቀኝ ቀዳዳ ተወ። «ኦቦ ሂርጳ፣ ለቤትዎ ኮፍያ አጥልቄለታለሁ፤ አፍንጫውን እንዳይደፍኑበት! የድስቱ እንፋሎት መውጫ ካጣ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ይመለስብዎታል» ብሎ ነበር። ያኔ ቢሊሴ መሰላሉን እንደያዘች ከልቧ ሳቀች። ሂርጳ ያንን ሳቅ በቤቱ ሰምቶት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነፋስ በቀዳዳዎቹ ሲያፏጭ ቀና ትላለች። ቀና ባለች ቁጥር ሂርጳ ተሬፋን ያሰበች ይመስለዋል። አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ጠብቆ መሰላል አቆመ፤ እጁ የገባውን ጨርቅ ሁሉ እየቋጠረ ቀዳዳዎቹን ጠቀጠቃቸው። ፉጨቱ ቆመ።

ረፋድ ላይ ተሬፋ እየሳቀ ደረሰ። «አካም፣ ቢሊ! ቤትሽ ያለቅሳል አሉ?»

«አባብልልኛ!»

ሂርጳ ቀድሟት መሰላሉን ያዘ። ተሬፋ ወጣና እጁን እስከ ክንዱ ወደ ቀዳዳው ሰደደ። ሳቁ ተቋረጠ። ቁልቁል ሂርጳን ትክ ብሎ አየው።

«አይጥ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «የጎጆ አይጥ ደግሞ ጉልበቱ!»

ሸፈነለት። ሂርጳን ከስድብ ይልቅ ይህ አቃጠለው።

የረጠቡት ጨርቆች አንድ በአንድ ወደቁ። መጨረሻ ላይ ቀይ ሻርፕ ወረደ፤ ቢሊሴ በእጮኝነታቸው ጊዜ በእጇ የሠራችለት፣ እሱም ጠፋብኝ ያላት።

«አይጥ» አለች ቢሊሴ በቀስታ፣ ጎንበስ ብላ እያነሳችው።

እንደ ጆንያ አፍ ተቋጥሯል። ድንች ነጋዴው ሂርጳ በገበያው የሚታወቅበት ቋጠሮ ነው፦ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ በጥርስ ቢታገሉት የማይላቀቅ፣ አንዷ ጫፍ ስትሳብ ግን ወዲያው የሚፈታ። ቢሊሴ ያቺን ጫፍ ለማግኘት አልተቸገረችም፤ እጇ ያውቃታል። ሳበቻት። ተፈታ።

«ቢሊሴ፣ እኔ እኮ...»

ሻርፑን አራገፈችና በአንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ጫፎቹን በደረቱ ላይ አስተካከለች። ቀዝቃዛው ውሃ በሸሚዙ ውስጥ ቁልቁል ወረደ።

ከላይ ነፋሱ እንደገና ማፏጨት ጀመረ። ሂርጳ ቀና ትል እንደሆነ ፊቷን አየ። ቀና አላለችም። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ የአጥሩን በር ከፍታ ወጣች።