የእንግዳ ቀን

ሱፐርቫይዘሯ የኋላውን ረድፍ እንደገና በዓይኗ አበጠረችው። ሚጡ የለችም።

አብራት የምትኖረውን የወንድሟን ልጅ ሚጡን ጠዋት ፀጉሯን አስራ፣ የደንብ ልብሷን ቆልፋ፣ እስከዚሁ ትምህርት ቤት በር ድረስ በእጇ ይዛ አድርሳታለች። ስትገባም አይታለች። ከዚያ ወደ መምህራን ኮሌጁ ሄዳ የምዘና ቅጿን ይዛ ተመለሰች። የታመመ ባልደረባዋን ተክታ እዚህ እንደምትመጣ ለልጅቷ አልነገረቻትም። ክፍል ውስጥ ድንገት ስታየኝ ምን ትል ይሆን እያለች መንገዱን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ነበር።

ፊት ለፊት እጩ መምህርቷ ግማሽና ሩብ ታስተምራለች። ወረቀት አጥፋ በጠየቀች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። "እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!" የሚሳሳት የለም። በሌላ ቀን ቢሆን ሱፐርቫይዘሯን ደስ ይላት ነበር። ሠልጣኞቿ በሌለችበት "ምላጭ" ይሏታል፤ መልስ ሲዘገይ የእጅ ሰዓቷን አየት ታደርግና ማርክ ትቆርጣለች። አሁን ግን፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ በመጣላት ባለስፖንጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ክፍሉ ሰፋባት። ወለሉ ላይ የዴስክ እግር የፋቀው አዲስ መስመር እስከ በሩ ድረስ ይሄዳል።

ቀስ ብላ ተነሳች። በሩ አጠገብ የቆመው የክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ፣ ፈገግ አለላት።

"ምነው መምህር፣ ገና ነው እኮ። ጣፋጩ ከኋላ ነው።"

"ልጆቹ እነዚህ ብቻ ናቸው?"

"አዎ… ማለቴ፣ ሰሞኑን ጉንፋን ገብቷል።"

"ዴስኮቹንም ጉንፋን ያዛቸው?"

ሰውየው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አልፋው ወጣች።

ከክፍሎቹ ጀርባ የልጆች ድምፅ ይሰማል። የተሰበሩ ወንበሮች በተከመሩበት ጥግ፣ አንድ ክፍል የሚያጋምሱ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ከክፍሉ የወጡት ዴስኮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ገመዱን ከሚያዞሩት አንዷ ሚጡ ናት።

"አክስቴ!" ልጅቷ ገመዱን ጥላ ሮጠች። "እንዴት መጣሽ? እኛ እኮ ዛሬ ጨዋታ ነን!"

"ለምን ክፍል አልገባሽም፣ የኔ እናት?"

"እንግዳ ስለሚመጣ ነዋ! እንግዳ ሲመጣ የማንችለው እንወጣለን።" ፊቷ ላይ ቅንጣት ቅያሜ የለም። ምስጢር እንደምታካፍል ወደ አክስቷ ጆሮ ተጠጋች። "ደስ ይላል። ማንም አይጠይቀንም።"

ሱፐርቫይዘሯ ክው አለች። ልጅቷ "የማንችለው" ያለችው የገዛ ስሟን እንደምትናገር ነው። ማታ ማታ አብረው ሲያጠኑ ሚጡ ቀስ ትላለች እንጂ ትደርስበታለች።

ኃላፊው መጣ፤ ከኋላው እጩዋ ጠመኔዋን እንደያዘች ተከተለችው።

"ማን ነው ይህን ያዘዘው?"

"ያለ ነገር ነው እኮ፣ መምህር" አለ ኃላፊው። "ሁሉም ጋ ይደረጋል። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለ?"

"ልጅ ነው የሚጠረገው?"

እጩዋ እንባዋ መጣ። "እርስዎ ነዎት እኮ ያሉን! ኮሌጅ ውስጥ። 'መመለስ ያቃተው ልጅ ካየሁ ያላስተማራችሁት ነው፣ ማርክ እቆርጣለሁ' አሉን። ይህን ልምምድ ከወደቅኩ አልመረቅም። እናቴ የኔን መመረቅ ነው የምትጠብቀው።"

ሱፐርቫይዘሯ የገዛ ቃሏን አወቀችው። ብላለች። በየዓመቱ፣ ኮስተር ብላ፣ ለልጆቹ የተቆረቆረች መስሏት ብላዋለች። ስንት ክፍል ኋላ ተቀምጣ "ግሩም ተሳትፎ" ብላ ጽፋለች! በነዚያ ሁሉ ክፍሎች ጀርባ ስንት ልጅ ገመድ ሲዘል ነበር? ከተሰበሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አለች።

"የእጄን ነው ያገኘሁት" አለች ለራሷ።

"አክስቴ፣ አመመሽ?"

"አክስቴ?" የኃላፊው ፊት አመድ መሰለ። "የእርስዎ ልጅ ናት እንዴ? እኛ እኮ አላወቅንም! ብናውቅ ኖሮ እሷን አናስወጣትም ነበር!"

ከሰማችው ሁሉ ይህኛው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ተነሳች።

"ልጆች፣ ወደ ክፍል! እርስዎም ዴስኩን በዚያ በኩል ያንሱልኝ።"

በሩ ላይ እጩዋ ጠጋ አለቻት። "ማርኬስ?"

"ገና አላስተማርሽማ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።"

ክፍሉ ሞልቶ ተጨናነቀ። ወደ ክፍል ሲመለስ እግሩ የተሰበረ አንድ ዴስክ ስለነበር ሚጡና ጓደኛዋ መቀመጫ አጡ። ሱፐርቫይዘሯ ባለስፖንጁን ወንበር ጎትታ ሁለቱንም አስቀመጠችበትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

እጩዋ ወረቀቱን አጠፈች። "እስቲ አንቺ፣ ወንበሩ ላይ ያለሽው። ይሄ የወረቀቱ ምኑ ነው?"

ሚጡ ወረቀቱን አየች፤ አክስቷን አየች፤ ዝም አለች። ከፊት እጆች ወጡ። "እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!" እጩዋ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ተመለከተች።

ሱፐርቫይዘሯ የእጅ ሰዓቷን ፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"እንጠብቃታለን" አለች።